«ብሩህ» እና «ጨለማ»፦ በጥርስና በመንጋጋ ራጅ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የፈተና ዝግጅት እንዲረዳ ታስቦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የራጅ ትምህርት ማስታወሻ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ተርጓሚው የፊት ጥርስንና ክራንቻን በታወቀ ስማቸው መጥራቱ፣ ጥርስ ሲቦረቦርም «ተበላ» የሚለውን የሕዝቡን አነጋገር መያዙ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን የትምህርቱ መሠረት በሆኑት በሁለት ቃላት ላይ የደረሰው ስሕተት በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

እነዚህም «ራዲዮሉሰንት» እና «ራዲዮፔክ» የተባሉት ናቸው። ማስታወሻው የመጀመሪያውን «ብሩህ»፣ ሁለተኛውን «ጨለማ» ብሏቸዋል። እንደሚታወቀው ጨረሩ በቀላሉ የሚያልፍበት የአካል ክፍል በራጅ ሥዕል ላይ የሚታየው ጠቁሮ ነው፤ ጨረሩን ውጦ የሚያስቀረው ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ኢናሜል የተባለው ጠንካራ የጥርስ ልባስና ጥርስ የተሞላበት ብረት ነጭ ሆነው ሲታዩ፣ በተለምዶ «የጥርስ ነርቭ» የሚባለው ለስላሳው የውስጥ ክፍል፣ የተበላው የጥርስ አካልና በላይኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ ያለው አየር የሞላበት ክፍተት ጠቁረው ይታያሉ። እንግዲህ «የተበላ ጥርስ ብሩህ ነው» የሚለውን ያነበበ ተማሪ በሥዕሉ ላይ የሚፈልገው ነጩን ነው፤ የሚያገኘውም ብረቱን ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል የሚናገረው አካሉ ጨረሩን ምን እንደሚያደርገው እንጂ ዐይን በሥዕሉ ላይ ምን እንደሚያይ አይደለም። ተርጓሚው ጨረርን የሚያመለክተውን የቃሉን መነሻ ትቶ ብርሃንን የሚያመለክተውን መድረሻ ብቻ ስለ ተረጐመ፣ የአካሉ ጠባይ የሥዕሉ መልክ ሆኖ ተገለበጠ።

በእኛ አስተያየት ለአካሉ ጠባይ «ጨረር አሳላፊ» እና «ጨረር ከልካይ» ቢባል፣ ለሥዕሉ መልክ ደግሞ «ጥቁር» እና «ነጭ» ለብቻቸው ቢጠበቁ ይሻላል። «አሳላፊ» በግብር ቤት መጠጥና ምግብ የሚያቀርበው ሰው ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም «ጨረር» ከፊቱ ሲቀድም የሚያደናግር አይሆንም። በምትኩ «ጨረር አስተላላፊ» ቢባል አካሉ ራሱ ጨረር የሚልክ ያስመስለዋል፤ ይህ ስም የሚስማማው ለመሣሪያው ነው። «ከልካይ» የሚለውም ፍጹም መከልከልን እንዳያሰማ፣ ጠባዩ የመጠን ጉዳይ ስለ ሆነ፣ «ይበልጥ ከልካይ»፣ «በመጠኑ ከልካይ» እየተባለ መነገር አለበት። ዴንቲን ጨረር ከልካይ ነው፤ ኢናሜል ግን ከእርሱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ከዚህ የከበደ ነው። ማስታወሻው በሥር ጫፍ ዙሪያ የሚታየውን ጥቁር ክብ ሁሉ «የመግል ቋት» ብሎ ሰይሟል። በታችኛው መንጋጋ፣ ከክራንቻው ኋላ ባሉት ትንንሽ መንጋጋ ጥርሶች የሥር ጫፍ አጠገብ፣ ነርቭና የደም ሥር የሚወጡበት የአገጭ ቀዳዳ አለ። ይህ ጤነኛ ቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ በሥዕሉ ላይ ከሥሩ ጫፍ ጋር ተደራርቦ ልክ እንደ በሽታ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። ለመልኩ የበሽታ ስም የሰጠ መጽሐፍ ተማሪውን ከፈተና ውጤቱ አልፎ ጤነኛ ጥርስ ወደ መሰርሰር ሊያደርሰው ይችላል። ስያሜ የታየውን ይንገር፤ በሽታ መሆን አለመሆኑን መወሰን የሐኪሙ ነው።

ቀሪዎቹን ባጭሩ እንጠቅሳለን። «ራጅ» ከጣሊያንኛ የመጣ፣ በምንጩም «ጨረሮች» ማለት የሆነ ቃል ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ጨረሩንም፣ ሥዕሉንም፣ ምርመራውንም ይጠራል። «ራጅ ተነሣሁ» ለሚለው ሕዝብ ይህ አያስቸግርም፤ ለፈተና በሚጻፍ መጽሐፍ ግን «የራጅ ጨረር»፣ «የራጅ ሥዕል»፣ «የራጅ ምርመራ» ተብሎ መለየት ይገባዋል። «መንጋጋ» አጥንቱም ጥርሱም ስለ ሆነ ለጥርሱ ሁልጊዜ «መንጋጋ ጥርስ» መባል አለበት።

«ባይትዊንግ» የተባለውን ማስታወሻው «የንክሻ ክንፍ» ብሎታል። ሐዋርድ ሬፐር በ1925 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ አናት በአንድ ሥዕል የሚያሳይ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ፊልሙን ለመያዝ በሽተኛው ከሚነክሳት ትንሽ ቅጥያ ነው። «የንክሻ ክንፍ» ይህን ለማያውቅ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «የንክሻ ራጅ» ብንለው ደግሞ ፊልሙ በጥርስ መግጠሚያ ላይ ተነክሶ ከሚነሣው ከሌላው ዓይነት ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ የውጭውን ስም ተቀብሎ አንድ ጊዜ በሚገባ ማስረዳት ይመረጣል።

ተርጓሚው ሥራውን ሲያርም ከሁሉ አስቀድሞ «ብሩህ» እና «ጨለማ» የሚሉትን ቃላት ከየገጹ እንዲያወጣ፣ እያንዳንዱንም አዲስ ስያሜ ከራጅ ሥዕሉ ጎን አስቀምጦ እንዲፈትን እናሳስባለን።