ምስክርነት የማን ነው? ስለ ጋይንት የዜማ ጉባኤያትና ስለ ዘመናዊ የባህል ማእከል የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በዘመናችን የባህል ማእከል ሲባል ቀድሞ በሐሳብ የሚመጣው ሰፊ አዳራሽ፣ ከፍ ያለ መድረክ፣ መጋረጃና የጽሕፈት ቤት ነው፤ በባሕር ዳር የሚገኘው የሙሉዓለም የባህል ማእከልም በዚሁ ሥርዓት የታነጸ ሲሆን ለቴአትሩና ለውዝዋዜው መጠለያ በመሆኑ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሕዝቡ አዳራሽ ሳይሠራለት፣ በጀት ሳይመደብለት፣ የጥበብ ቤቱን ለብዙ መቶ ዓመታት ራሱ ሲያቆምና ሲቀልብ በኖረበት አገር ላይ አዲስ ማእከል ይተከል ቢባል፣ የሚመጣው ቤት ከነባሩ ላይ ምን ይጨምራል፣ ምንስ ሊቀንስበት ይችላል ብሎ መጠየቅ የሂስ ተግባር ነው። ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው፣ የወገዳን ከተማ ያቀፈው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ለዚህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የተሻለ መመርመሪያ ነው፤ ይህም የዜማ ጉባኤ ቤቶቹ ቤተልሔምና ዙር አምባ በዚያ ስላሉ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርት ሥርዓት አንዱን ጥበብ በአንድ ከተማ አላከማቸም። ለአቋቋሙ ጎንደር በአታ፣ ለቅኔው ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ፣ ለቅዳሴው ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ ሲጠሩ፣ ለድጓው ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ዙር አምባ የምስክር ቦታዎች ሆነው ኖረዋል። ትውፊቱ እንደሚተርከው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አምባ መጥቶ፣ ከቍርባን በኋላ የሚዜመውን ዝማሬ ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴትና ምሥጢር ብሎ በአምስት ክፍል አደላድሎ በዚያ አስተማረ። የታሪክ ተመራማሪ በእጃችን ያሉት የዜማ መጻሕፍት ከዚያ ዘመን እጅግ ዘግይተው የተጻፉ መሆናቸውን ቢያመለክት አይፈረድበትም፤ ሆኖም ትውፊቱ የሚመሰክረው ዋና ነገር የዘመኑን ቍጥር ሳይሆን፣ አንድ ጥበብ ከአንድ አምባ ጋር ተሳስሮ፣ የአምባው ሰዎችም የጥበቡ ጠባቂዎች ተደርገው መቆጠራቸውን ነው።

ይህ ጥበቃ እንዴት እንደሚፈጸም ለመረዳት ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ ገጽ ቀረብ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። በንባቡ መሥመሮች መካከል፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከቃሉ ራስ በላይ አንድ ወይም ሁለት ሆሄ ተጽፎ ይገኛል፤ ከእርሱም ጋር ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቍርጥ የሚባሉት ምልክቶች ተሰድረዋል። እነዚህ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ተደራጅተው እንደ ተላለፉ የሊቃውንቱ ትረካ ይናገራል። ደቃቁ ሆሄ ድምፁ ስንት እርከን እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ አይነግርም፤ የሚያደርገው፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን የሌላ ንባብ የዜማ ሐረግ ማስታወስ ነው። ስለዚህ ያንን ቀድሞ ከመምህር አፍ ላልሰማ ሰው ገጹ ድዳ ነው፤ ለሰማ ግን አንዲት ሆሄ ሙሉ ሐረግ ትከፍትለታለች። ተማሪው በየኔታ ፊት ተቀምጦ ሲቀጽል፣ ዜማው ሲስትበት መምህሩ ከአፉ ነጥቀው ያቃኑለታል፤ ወዲያው ከነባሮቹ ተማሪዎች ጋር እየደጋገመ ያጸናዋል፤ በግዕዝ ዜማ የተማረውን ከዕዝልና ከአራራይ ዜማ ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የቀድሞ ተማሪም የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ይገለብጥ ስለ ነበር፣ መጽሐፉ ሲፈጸም ጽሑፉም ትምህርቱም በአንድነት የእርሱ ይሆኑ ነበር።

በስተ መጨረሻ የሚመጣው ምስክር ነው። በሌላ ደብር የተማረ መሪጌታ፣ ትምህርቱ ምንም የጠለቀ ቢሆን፣ ቤተልሔም ገብቶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህርነቱ ሙሉ ክብር አያገኝም ነበር። የቆማና የአጫብር ስልቶች ከቤተልሔሙ ጎን ለጎን ጸንተው መኖራቸው ደግሞ ማእከሉ ሌላውን ሁሉ የሚውጥ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ልዩነቱ ታውቆ፣ ስሙ ተጠርቶ ይጠበቃልና። የዚህ ዳሰሳ ዋና ሐሳብም ከዚህ ይመነጫል፤ የአንድ የጥበብ ማእከል ሥልጣን የሚለካው በሕንፃው ስፋት ወይም በንብረቱ ብዛት ሳይሆን፣ ይህ ልክ ነው፣ ይህ ስሕተት ነው ብሎ የመመስከር መብት በማን እጅ እንዳለ ነው።

ንብረትና ምስክርነት ሊለያዩ እንደሚችሉ የታሪካችን አሳዛኝ ምዕራፍ አሳይቶናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት መካከል 350 ያህሉ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ተወስደው ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ብራናው እዚያ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዜማ ምልክት የተጻፈ መጽሐፍ፣ ከላይ እንደ ተባለው፣ ያለ መምህር ምሉዕ አይደለምና የተወሰደው ከእውቀቱ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የኢትዮጵያን የዜማ ምልክት አጥንተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ በ3 ቅጽ ባሳተሙት ሥራ፣ ከብራናው ምርመራ ጋር የሕያው ሊቅን ድምፅ ማስተባበር የግድ የሆነባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የውጭው ዓለም ግን ቤተልሔምን መጀመሪያ ያወቀው በዜማው አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም በ1950ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጋይንት ተጉዞ፣ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከሣር ክዳኑ ክብ ቤት ውስጥ የተሰወረውን የመካከለኛ ዘመን ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ለአንባቢዎቹ አስተዋወቀ። የሕንፃው ዜና እውነተኛ ክብር አምጥቷል፤ ሆኖም በዚያው ቅጥር ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው የሚቀጽሉት ተማሪዎች በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ከቦታው ጌጥ ያለፈ ስፍራ አላገኙም። ይህ የአመለካከት ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ስለ ቅርስ ሲወራ ድንጋዩ ይለካል፣ ሥዕሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ መምህሩ ግን የአስጎብኚነት ሥራ ይሰጣቸዋል። እኔ ግን ከሕንፃው ራሱ ሌላ ትምህርት አገኝበታለሁ፤ ክቡን ቤት የሠሩት ሰዎች አሮጌውን አላፈረሱም፣ ዐይነ ገብም ለማድረግ አላራቆቱትም፤ ቅድስተ ቅዱሳኑን በስፍራው ትተው፣ ለዘመናቸው የሚያስፈልጋቸውን በዙሪያው ጨመሩ እንጂ።

ከምስክርነቱ ቀጥሎ ማእከሉን ከሕዝቡ ጋር የሚያስተሳስረው ሁለተኛው ማሰሪያ እህል ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጃፉ የሚቆመው ተማሪ ለራሱ ቍራሽ ሲለምን፣ በሩን የምትከፍተው ባልቴት ደግሞ የድጓ ጉባኤ እንዲቀጥል በየቀኑ ድርሻዋን ታዋጣለች። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ለአድባራቱ የተመደበው የሪምና የጉልት መሬት መምህራኑን ይደግፍ ነበር፤ በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለጭሰኛው ፍትሕ ሲያመጣ፣ የጉባኤ ቤቱን ጓዳ ግን ባዶ አስቀርቶታልና ሸክሙ ሙሉ በሙሉ በገበሬው ትከሻ ላይ ወደቀ። ያ ገበሬ ደግሞ ራሱ የተረፈው አይደለም፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ። እንግዲህ የአገሪቱን ከፍተኛ የዜማ ምስክር ቤት የሚቀልበው እርዳታ የሚቀበል ገበሬ ነው ማለት ነው፤ ይህን ሳያነሣ ስለ ባህል ልማት የሚናገር ሰው ነገሩን ከሥሩ አልያዘውም።

ሕዝብ ባለቤት የሆነበት ማእከል በዘመናዊ መልክ ሊቆም ይችል እንደ ሆነ ለመመልከት ወደ ሩቅ አገር ልሻገር። በሰሜን አውስትራሊያ በአርነም ምድር ይርካላ በምትባል ስፍራ የሜቶዲስት ሚሲዮናውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ጣቢያ ሠርተው ነበር። በ1962ና በ1963 የዮልንጉ ሽማግሌዎች፣ ዱዋና ይሪቻ በሚባሉት ሁለት ወገኖቻቸው ተከፍለው፣ የየነገዳቸውን የተቀደሰ ሥዕል በሁለት ታላላቅ ሰሌዳዎች ሥለው በቤተ ክርስቲያኑ መንበር ግራና ቀኝ አቆሙ። በዚያው በ1963 ምድራቸው ለማዕድን ኩባንያ ሲሰጥ፣ ተቃውሟቸውን በዛፍ ልጥ ላይ በሥዕልና በሁለት ቋንቋ ጽፈው ለፓርላማ አቀረቡ። በ1974 ግን ሰሌዳዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው ተጣሉ፤ በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ ቡኩ ላርንጋይ ሙልካ የሚባለው የዮልንጉ የሥነ ጥበብ ማእከል ከወደቁበት አንሥቶ የክብር ስፍራ ሰጣቸው። በዮልንጉ ሕግ አንድን የነገድ ሥዕል ለመሣል መብት ያለው በዘር የተቀበለና በሽማግሌዎች የተፈቀደለት ብቻ ነው፤ የምሥጢሩ ጥልቅ ክፍልም ለማንም አይገለጥም። ማእከሉ ሥዕሉን ለዓለም ገበያ ሲያቀርብ ይህን ሕግ አልሻረም፤ አስተዳዳሪው ባለሙያ የውጭ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ትክክሉን ከስሕተቱ የሚለዩት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ሁለቱን ማስተያየት ማመሳሰል አይደለም። ዮልንጉዎች ምድራቸው በባዕድ መንግሥት የተወሰደባቸው ሕዝብ ሲሆኑ፣ የጋይንት ሊቃውንት ግን የመንግሥቱ ሃይማኖት ጠባቂዎች ሆነው የኖሩ ናቸው። በዚህ ልዩነት ላይ ደግሞ እኛን የሚወቅስ ነገር አለ። የዜማው ጉባኤ ለወንድ ተማሪ የተከፈተውን ያህል ለሴት አልተከፈተም፤ በለቅሶ ቤት የሟቹን ግብር እየዘረዘረች ሰው የምታስለቅሰው ሙሾ አውጪ በጥበቧ ሁሉ ትፈለጋለች እንጂ በሊቅነት አትቆጠርም፤ አዝማሪው በሠርጉ ይሸለማል፣ በማግሥቱ በዝቅታ ይታያል፤ ሸክላ ሠሪዋም ጀበናዋና ድስቷ ከየቤቱ ሳይጠፋ፣ እርስዋ ራስዋ በቡዳ ስም ስትታማ ኖራለች። ስለዚህ በወገዳ ምድር የጋራ የጥበብ ማእከል ይቁም የሚል ሰው፣ ለድጓው የሚሰጠውን የምስክርነት ክብር ለሙሾውም፣ ለመሰንቆውም፣ ለሸክላውም እንዴት እንደሚያዳርስ ማሰብ አለበት፤ ይህን ካላደረገ የቀድሞውን ማዕረግ በአዲስ ሲሚንቶ ማጽናት ይሆናል።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 የማይዳሰሰውንም ጥበብ በቅርስነት ያውቀዋል፤ ኢትዮጵያም የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት ተቀብላለች። ስለ ዕፀዋትና ስለ ሌላው ሕይወታዊ ሀብት የማኅበረሰቡን እውቀት የሚመለከተው አዋጅ ቍጥር 482/1998 ከዚህም አልፎ እውቀቱን ለሚጠቀም ሰው የማኅበረሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ አድርጓል። ዜማ ግን ዕፅ አይደለምና ይህ አዋጅ አይደርስለትም፤ የአንድ ጉባኤ ቤት ድምፅ ተቀርፆ በሌላ አገር ቢቀመጥ፣ ተማሪዎቹን የቀለበው መንደር በጉዳዩ ምን ቃል እንዳለው በዚያው ልክ የተደነገገ የለም። ለመድኃኒት ሥር የታሰበው ለድምፅ የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ማእከሉ ቢሠራ ከአዳራሹ አስቀድሞ ሦስት ነገሮች ሊደላደሉ ይገባል። አንደኛው የመምህራኑ ደመወዝና የተማሪው ቀለብ ነው፤ ይህም የገበሬውን ልግስና ለማስቀረት ሳይሆን፣ በክፉ ዘመን ልግስናው ከልጆቹ አፍ የሚነጠቅ እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው፣ የሚቀረፀው ድምፅና የሚነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ዋናው ቅጂ በቤተልሔምና በዙር አምባ እንዲቀር፣ ለውጭ ተመራማሪም የሚሰጠው በጉባኤው ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ነው። ሦስተኛውና ትልቁ፣ በማእከሉ ሸንጎ ውስጥ መሪጌታው፣ ሙሾ አውጪዋ፣ አዝማሪውና ሸክላ ሠሪዋ ለእንግዳ መቀበያ ሳይሆን ለፍርድ እንዲቀመጡ፣ በየሙያቸው ይህ ያልፋል፣ ይህ አያልፍም የማለት ሥልጣን በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ነው። የባህል ሹም ሒሳቡን ይመርምር፣ መሐንዲሱ ግድግዳውን ያቁም፤ ዜማው ልክ መሆኑን ግን የሚመሰክሩት ዛሬም እንደ ጥንቱ የኔታ ይሁኑ። ይህ ሳይጸና የሚመረቅ አዳራሽ በጋይንት ምድር የሚኖር ሌላ ሕንፃ እንጂ የጋይንት ሕዝብ ማእከል ሊባል አይገባውም።