ሁለት ዓይነት ዘረፋ

ከአማርኛ ቃላት መካከል እንደ «ዘረፈ» ዕድለኛ ያለ አይመስለኝም። ጫካ ገብቶ መንገደኛ ያስቆመውም ዘረፈ፤ ማኅሌት ቆሞ መወድሱን ያፈሰሰውም ዘረፈ። የመጀመሪያውን እናስረዋለን፤ ለሁለተኛው «ይበል! ይበል!» እንላለን። እኛ ጎጃም ደግሞ ይኼኛው ዘራፊ ከዳኛም ከባለሀብትም በላይ ይከበራል፤ ቢያንስ ማኅሌቱ እስኪያልቅ። ዛሬ የማወጋችሁ ሁለቱ ዘረፋዎች በአንድ ጣራ ሥር ስለሚኖሩበት ሥራ ነው። ስለ ቪዲዮ ጌም።

«ሰውየውን ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ከጌም ጋር ምን አገናኘው? ደብረ ማርቆስ ላይ ጌም ሲባል ትዝ የሚለን ከትምህርት ቤት የጠፉ ልጆች የሚወሸቁባት መጋረጃ የተጋረደባት ክፍል ናት፤ ወላጅ አርጩሜ ይዞ የሚገባባት። ለክፍሏ ጠበቃ ልቆምላት አልመጣሁም። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ከገጠሙኝ የፈጠራ ጽሑፎች መካከል ልቤን የነካው አንዱ መጽሐፍ አልነበረም፤ ጌም ነበር። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ላፕቶፑን ከፍቶ እሱ እየነካካ፣ እኔ እያነበብኩ፣ ስንት ምሽት አመሸን።

«ዲስኮ ኢሊዚየም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ወጣ። አንድ መርማሪ ፖሊስ በርካሽ ሆቴል ክፍል ወለል ላይ ይነቃል፤ ስሙን አያውቅም፣ ማን እንደነበረ አያውቅም። ከሆቴሉ ጓሮ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ሬሳ አለ። ከተማዋ አንድ ጊዜ አብዮት ፈንድቶባት፣ አብዮቱም በውጭ ጦር የተደመሰሰባት ከተማ ናት፤ የጥይቱ ቀዳዳ አሁንም ከግድግዳው ላይ አለ። ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ 24 ድምፆች ይሟገታሉ። አመክንዮ አንዱ ነው፣ ርኅራኄ አንዱ ነው፣ ሥልጣን አንዱ ነው። እንደ እድር ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል፤ አንዳንዱም ይዋሻል። ተኩሰህ የምታልፈው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ተነጋግረህ ነው የምታልፈው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ መውደቅ የማያስቀጣ መሆኑ ነው። ሞክረህ ሳይሳካልህ ሲቀር ታሪኩ አይቆምም፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ከተሳካው ይልቅ የከሸፈው ትዕይንት ይበልጣል። በልጅነታችን በቀበሌ አዳራሽ «ወደፊት!» እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ ከከሸፈ አብዮት በኋላ ሰው እንዴት ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ሥራ እንግዳ አይሆንብንም።

ጉድለት የለውም አልልም። ይበዛል። ጽሑፉ ከአንድ ሚሊዮን ቃል በላይ ነው ይባላል፤ አንዳንድ ቦታ ድምፆቹ እርስ በርስ ሳይሆን ደራሲው ከራሱ ጋር በፍቅር ሲያወራ ይመስላሉ። «በቃህ» የሚለው ሰው በአጠገቡ አልነበረም ወይም አልደፈረም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የሠሩት ሰዎች ኢስቶኒያውያን ናቸው። ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት። ምሥራቅ ጎጃም ብቻውን በ1999ኙ ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው፤ እንግዲህ ለኩት። መሪያቸው ሮበርት ኩርቪትስ እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያች ትንሽ ቋንቋ ልቦለድ አሳትሞ ገዢ አጣ። በአነስተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ሐዘኑን ያውቀዋል። ካውር ኬንደር የሚባል ደራሲ ወዳጁ «ያንኑ ዓለምህን ጌም አድርገው» ብሎ ገፋፋው፤ ገንዘብም ተፈለገ። ዛኡም የሚባለው የወዳጆች የጥበብ ማኅበር ኩባንያ ሆነ። ጌሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ ታላቁን የጌም ሽልማት በአራት ዘርፍ ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዙ ባፍታ ሦስት ጨመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኼ ነው።

አንበሳው ከታሰረ በኋላስ ቆዳው የማን ነው? ተረቱ እዚህ ላይ ዝም ይላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የኩባንያው አብላጫ ድርሻ እጅ ለወጠ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩርቪትስ፣ ሠዓሊው አሌክሳንደር ሮስቶቭና ጸሐፊዋ ሄለን ሂንድፔሬ ከቤቱ ወጡ። ዓለም የሰማው በጥቅምት 2022 ነው። ኩርቪትስና ሮስቶቭ «ድርሻው የተገዛው በራሱ በኩባንያው ገንዘብ ነው፤ ተዘርፈናል» አሉ። ኩባንያው «ሐሰት ነው፤ የተባረሩት በሥራ ጉድለትና የሥራ ባልደረቦቻቸውን በማንገላታት ነው» አለ። እነሱም ይህን ካዱ። እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ዳኛ አልሆንም። የማየው ውጤቱን ነው። በየካቲት 2024 ዛኡም ሲሠራው የነበረውን ተከታይ ሥራ ሰርዞ ከሠራተኛው አንድ አራተኛ ያህሉን ቀነሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ደግሞ የ«ዲስኮ» ወራሽ ነን የሚሉ ሦስት አዳዲስ ስቱዲዮዎች በአንድ ሰሞን ብቅ አሉ። አንድ ቤት ፈርሶ፣ ድንጋዩን ተሻምተው ሦስት ጎጆ።

ይኼ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኛ ከተማ ልጆች «ፔስ» የሚሉትን የኳስ ጌም የሚሠራው የጃፓኑ ኮናሚ ነው፤ ጌሙ ከ2021 ወዲህ ስሙ «ኢ-ፉትቦል» ቢባልም ልጆቹ ያው «ፔስ» ይሉታል። («ፊፋ»ም እኮ ከ2023 ጀምሮ በሕጉ ፊፋ አይደለም፤ ሠሪውና የኳሱ ማኅበር በስሙ ኪራይ ተጣልተው ተለያይተዋል። ማን ነግሯቸው!) በዚህ በኮናሚ ቤት ሂዴኦ ኮጂማ የሚባል ሰው ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ «ሜታል ጊር»ን ሲሠራ ኖረ። በ2015 የመጨረሻው ክፍል ሊወጣ ወራት ሲቀሩት «የሂዴኦ ኮጂማ ሥራ» የሚለው ጽሑፍ ከማስታወቂያው ሽፋን ላይ ተፋቀ። በታኅሣሥ ጌሙ ሲሸለም ሰውየው ከመድረኩ አልነበረም፤ የኩባንያው ጠበቃ እንዳይገኝ እንደከለከለው አዘጋጁ እዚያው መድረክ ላይ ተናገረ። ሥራው ሲሸለም ሠሪው ቤቱ ቁጭ! ኮጂማ በዚያው ወር የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሞ በ2019 አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። ስሙ ትልቅ ስለነበር ተረፈ። ስም የሌለውስ?

እስካሁን ያልኩት «ደጉ ጠቢብና ክፉው ነጋዴ» የሚል ተረት ይመስላል። ይህን ተረት እንወደዋለን፤ ራሳችንን ሁልጊዜ ከጠቢቡ ወገን ስለምናስቀምጥ። ግን አይበቃም። «ባዮሾክ»ን የሠራው ኬን ሌቪን በ2014 ስቱዲዮውን ራሱ ዘጋው፤ ማንም አላባረረውም። ትንሽ ቡድን ይዤ ሌላ ዓይነት ሥራ ልሥራ ብሎ 15 ያህል ሰው አስቀርቶ የቀሩትን አሰናበተ። በሌላ በኩል ደግሞ በግንቦት 2024 ማይክሮሶፍት በአንድ ቀን ሦስት ስቱዲዮ ዘጋ። አንዱ አርኬን ኦስቲን ነው፤ የመጨረሻ ሥራው ከሽፎበት ነበር። ሌላው የጃፓኑ ታንጎ ነው፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ያወጣው «ሃይ-ፋይ ረሽ» የተሞገሰና የተሸለመ ነበር። ሰነፉም ጎበዙም ተማሪ በአንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተባረሩ። መስራቹ ሺንጂ ሚካሚ ከዓመት በፊት ታንጎን ለቆ ነበርና ስለ ቤቱ የሚጮህ ትልቅ ስም አልነበረም። በነሐሴ ክራፍተን የሚባል የኮሪያ ኩባንያ ባይገዛው ኖሮ ተረስቶ ይቀር ነበር።

ነገሩ ከሰው ክፋት በፊት ከሥራው ጠባይ ይጀምራል። ልቦለድ አንድ ሰው፣ አንድ ክፍልና ብዙ ቡና ይበቃዋል። ትልቅ ጌም አራት አምስት ዓመት፣ መቶና ከዚያ በላይ ሰው፣ በየወሩ የሚከፈል ደመወዝ ይፈልጋል። ጌሙ ሳይወጣ አምስት ሳንቲም አይገባም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሌላ ሰው ገንዘብ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። መሪው አንድ ጠዋት ተነሥቶ «ይህ ከተማ አልጣመኝም፣ ይፍረስ» ሲል ደራሲ አንድ ገጽ እንደመቅደድ አይደለም፤ የሃያ ሰው የስድስት ወር ድካም ነው የሚቀደደው። መሪው ካልቀደደ ሥራው ተራ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ከቀደደ ቤቱ ይዘጋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኼ ነው። ያን ጌም ታላቅ ያደረገው የአንድ ሰው እልኸኝነት ነው፤ የሚያንዛዛው ቦታ ላይ እንዲንዛዛ ያደረገውም ያው እልኸኝነት ይመስለኛል። «በቃህ» ባይ የሌለው መሪና «በቃህ» ከማለት ሌላ ቃል የማያውቅ ባለገንዘብ፣ ሁለቱም ቤት ያፈርሳሉ።

እኛ ይህን ችግር በራሳችን መንገድ ፈትተን ነበር። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን አስቡ። ተማሪው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ይነቅፋል፣ ያርማል፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ይጥለዋል። ከዚህ የበለጠ የፈጠራ መሪነት የት አለ? ታዲያ መምህሩ ቢያልፍ ወይም ቢዛወር ጉባኤው ይፈታል እንጂ ሙያው አይዘጋም። ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ወደ ሌላው መምህር ይሄዳል፤ የተማረውን ቀርቶ ሂድ የሚለው ጠበቃ የለም። ቅኔውም ነገ አይደገምምና ባለ አክሲዮን አይጣላበትም።

ለማሞገስ ግን አንቸኩል። ያ ሥርዓት ባለቤት ያልነበረው ደመወዝም ስላልነበረው ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እያባረረው ነው የተማረው። ስንት ባለቅኔ ስሙ ሳይመዘገብ አልፏል! ደግሞም ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ አንድ አፍ ይበቃዋል። ብዙ እጅ የሚፈልገው ጥበብ ሲመጣ እኛም ተቸግረናል። ዋልያስ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለጉዞ ሄዶ ተበትኖ ቀረ። መሪው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ዓመታት ታክሲ ነዳ። የጥንት ሥራው በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም «ማን ነው ይኼ ሰው?» እስኪል ድረስ፣ ያሳፈራቸው ሰዎች ማን እንደሚነዳቸው አላወቁም።

አሁን ደግሞ ጌም ሠሪ ልጆች መጥተውልናል። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የሚባለው ቤት (ስሙ ለጎጃም ጆሮ እንዴት ይጥማል!) ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ «ኩኩሉ» ብሎ፣ ገበጣችንንም ወደ ስልክ አስገብቶ አሳይቶናል። ይቻላል ማለት ነው። እዚህም አሉ። ሁለት የማውቃቸው ልጆች፣ አንዱ ሠዓሊ፣ አንዱ ኮድ ጸሐፊ፣ አንድ የቆሎ ተማሪ ከጮቄ ግርጌ ተነሥቶ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየሸሸ፣ ዲማ ለመድረስ የሚታገልበት ጌም ጀምረው ነበር። ያየሁት ሁለት መንደር ያህል ነው፤ የውሻው አሯሯጥ ብቻ ያስቃል። ከዚያ ለአንድ ውድድር የሚሞላ ቅጽ መጣ። ቅጹ ላይ «የፈጠራው ባለቤት» የሚል ቦታ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ።

«ጋሼ፣ ሐሳቡ የኔ ነው» ይለኛል ሠዓሊው።

«ጋሼ፣ ሐሳብ አይሮጥም፤ ያስሮጥኩት እኔ ነኝ» ይለኛል ሌላው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ሥዕሉን ይዞ ሄደ፣ አንዱ ኮዱን። ሥዕሉ ብቻውን አይራመድም፤ ኮዱ ብቻውን ጨለማ ነው። ዛኡም የተጣላበት ሚሊዮን ነበረው፤ የኛዎቹ የተጣሉት ገና ላልመጣ ብር ነው።

አገራችን ሕግ የላትም እንዳትሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የቀጣሪው ነው ይላል፤ ለአመንጪው ደግሞ በስሙ የመጠራትና ሥራው እንዳይዛባበት የመቃወም የሞራል መብት ይሰጠዋል። ትልቁ ቃል «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ናት። ሕጉ ለስምምነት በር ከፍቷል፤ እኛ ነን በበሩ የማንገባው። በኛ ባህል ከወዳጅ ጋር ወረቀት መፈራረም እንደ መጠራጠር ይቆጠራል። መሬት ስናከራይ፣ በሬ ስናቀናጅ ምስክር እንጠራለን፤ ሐሳብ ስናቀናጅ ግን «በመሃላችን ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንላለን። ኢስቶኒያውያኑም ወዳጆች ነበሩ።

ስለዚህ ጌም ለመሥራት የምትነሡ ልጆች ሆይ፣ የመጀመሪያው መቶ ብር ከመምጣቱ በፊት አራት ነገር ጻፉ። ሐሳቡ የማን ነው? አንዳችን ብንወጣ ምን ይዘን እንወጣለን? ስማችን የት ይጻፋል? ስንለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? በሦስት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱን ጠብ ለማይወድ ሽማግሌ ስጡ። ቅጽ የምታዘጋጁ ክፍሎች ደግሞ እባካችሁ ባለቤት በምትለዋ ቦታ ላይ ሁለተኛ መስመር ጨምሩበት። ወረቀቱ ውድ አይደለም።

ሁለቱ ልጆች እስካሁን አልታረቁም። መሃላቸው ገብቻለሁ። ያ የቆሎ ተማሪ ሁለተኛው መንደር ላይ ውሻ ከቦት ቆሞ ቀርቷል፤ ዲማ ገና ሩቅ ነው።