የኢሳኪ ክንድና የሳንቲኖ ደም

አማርኛ «የእናት ልጅ» እና «የአባት ልጅ» ብሎ ሲለይ የዘር ሐረግ መቁጠሩ ብቻ አይደለም። ርስት በሚከፈልበት አገር የአባት ልጅ ድንበር የሚጋፋ ባላንጣም ነው። ስለዚህ የታሚሎች የገጠር ቤተሰብ ፊልም ለአማርኛ ተመልካች እንግዳ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1992 ባራታን ያዘጋጀው፣ ካማል ሃሳን ድርሰቱን ጽፎ በመሪነት የተወነበት «ቴቫር ማጋን» የዚህ ዘውግ አውራ ነው። ሺቫጂ ጋኔሳን የሚጫወተው ታላቁ ቴቫር ከአባቱ ልጅ ጋር ከተቆራረጠ ቆይቷል፤ በጠባቸው የተነሳ የመንደሩ ቤተ መቅደስ ተቆልፎ ይኖራል። ከለንደን የተመለሰው ልጁ ሳክቲ ይህ ቁልፍ ከንቱ ሆኖ ይታየዋል። ኢሳኪ የተባለውን የቤቱን ታማኝ አደፋፍሮ ያሰብረዋል። ኢሳኪ በዚህ ሰበብ ክንዱን ይቆረጣል።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ወደ ትልቁ ቤት ይመለሳል። ግድብ ይፈርሳል፣ መንደሩ በጎርፍ ይጥለቀለቃል፣ ሽማግሌው አባት በሸንጎ ተዋርዶ ቤቱ ገብቶ ይሞታል፣ ልጁም የከተማ ሕልሙንና ፍቅረኛውን ትቶ የአባቱን ወንበር ይወርሳል። በመጨረሻ የአጎቱን ልጅ ማያን ገድሎ እጁን ይሰጣል። የፒ.ሲ. ሽሪራም ካሜራና የኢላያራጃ ሙዚቃ ሐዘኑን በሚገባ ተሸክመውታል፤ የሥራውን ውበት አልክድም። ሐዘኑ ግን ለማን ነው? ካሜራው አብሮ የሚያለቅሰው ከባለ ርስቶቹ ጋር ነው። ኢሳኪ ለወንድማማቾቹ ጠብ ሥጋውን ከፍሎ ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ከራሱ ከታሚል ሲኒማ ወገን አጥብቆ የተናገረው ማሪ ሰልቫራጅ ነው። በ2023 የወጣውን «ማማናን» የፀነሰው «ቴቫር ማጋን» ካሳደረበት ጥያቄ እንደሆነ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ኢሳኪን የተጫወተው ቫዲቬሉ በዚህኛው ፊልም ማዕከሉ ላይ ቆሟል፤ የሕዝብ ተመራጭ ሆኖም በላይኛው ዘር ሰው ፊት ወንበር የማይቀርብለት ከታችኛው ዘር ከዳሊቶች ወገን የሆነ ፖለቲከኛ ነው። ክንዱን ያጣው ሰው የራሱ ታሪክ ይኖረው ዘንድ ሠላሳ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።

በዚያው ዓመት ካርቱምም ተመሳሳዩን ጥያቄ አንስታለች። የሞሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ሲሆን፣ «አን ሰርተን ርጋርድ» በተባለው ክፍል የነፃነት ሽልማትን አግኝቷል። ታሪኩ የደቡቡ መሪ ጆን ጋራንግ በሄሊኮፕተር አደጋ ከሞቱበትና ካርቱም በብጥብጥ ከታመሰችበት ከ2005 ተነስቶ ደቡብ ሱዳን እስከተገነጠለችበት እስከ 2011 ይዘልቃል። ስለ ሰሜንና ደቡብ የሚነገረው የተለመደ ቋንቋ የወንድማማች ቋንቋ ነበር። ኮርዶፋኒ ይህን ቃል ትቶ ሁለት ሴቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖራል፦ እመቤቲቱን ሞናንና የደቡቧን ጁሊያን። ትልቁ ውሳኔው ይህ ይመስለኛል። ወንድማማች ቢላቸው ኖሮ እኩያ ነበሩ ብለን እንነሳ ነበር፤ እመቤትና ሠራተኛ ሲያደርጋቸው ግን ማን ወጥ ቤት እንደሚገባና ማን ሳሎን እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው እናያለን።

ሞና የጁሊያን ልጅ ዳንኤልን በመኪና ገጭታ ትሸሻለች። አባቱ ሳንቲኖ በሞተር ብስክሌት ይከተላታል፤ ባሏ አክረም ተኩሶ ይገድለዋል። ሟች ተድበስብሶ ይቀበራል። ሞና ጥፋቷን አፍና ጁሊያን ትቀጥራለች፣ ልጁን ታስተምራለች፣ ታለብሳለች።

እዚህ ላይ የእኛ ሽማግሌዎች ሥርዓት ፊልሙን ለማንበብ ይረዳል። ደም ሲደርቅ መጀመሪያ ገዳዩ ወገን ጥፋቱን ያምናል፤ ካሳው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በምዕራብ ሱዳንም አጃዊድ የሚባሉ አስታራቂዎች ተቀምጠው የደም ዋጋ የሆነውን ዲያ ይነጋገራሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ተያይተው ነው። ሞና ግን ካሳውን ከኑዛዜው አስቀድማለች። ተቀባይዋ መጀመሪያ ላይ ካሳ መሆኑን አታውቅም፤ ልግስና ይመስላታል፤ ለገዛ ባሏ ደም ዋጋ ታመሰግናለች። በዚህ ፊልም ውስጥ ከጥይቱ ይልቅ የሚያመኝ ይህ ምስጋና ነው። ሞና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዘፈኗን ባሏ የነጠቃት፣ በገዛ ቤቷ በውሸት የምትኖር ሰው ናት። ደግነቷ እውነተኛ ነው፤ ዕርቅ ግን ሊሆን አልቻለም።

ይህን ወጥ ቤት ካርቱም የኖረ ሐበሻ ያውቀዋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስደት የገቡ፣ በኋላም ለሥራ የተሻገሩ ብዙ እህቶቻችን በዚያች ከተማ በሰው ቤት አገልግለዋል፣ በጎዳና ሻይና ቡና አፍልተዋል። ጁሊያ በዝምታ ሰሃን ስታነሳ ስናይ የማናውቃት ሴት አትመስለንም።

ፊልሙ በግንቦት 2023 ካን ሲታይ፣ በካርቱም ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር አልፎት ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ውጊያ የጀመሩት ኃይሎች መሪዎች፣ ቡርሃንና ሄሜቲ፣ በጥቅምት 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት አብረው የቆሙ ናቸው። ዜናው የሁለት ጄኔራሎች ጠብ ብሎ ነገረን። ቤቱን ጥሎ የሸሸው የካርቱም ሰው፣ በመተማ በኩል ሻንጣ እንኳ ሳይዝ የተመለሰው የእኛ ሰው፣ እንደ ኢሳኪ ከታሪኩ ጠርዝ ላይ ቀረ።

አክረም ዳንኤልን የእንጨት ሥራ ያስተምረው ነበር። የአባቱ ገዳይ መሆኑን ሳያውቅ ልጁ ከሥሩ ተቀምጦ መላግ ይማር ነበር። በመጨረሻው ምስል ደቡቦቹ ወደ አዲሲቱ አገራቸው በጀልባ ሲጓዙ ዳንኤልን እናየዋለን፤ በእጁ የያዘው ጠመንጃ ነው።