ማሲንቆና መኪና፦ ስለ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና ስለ ድምፅ ማዋሐድ ጥበብ

በስደት ዓለም የሚገኙ ምሁሮቻችን ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ወሬ ሲነሣ ፊታቸውን ማዞር ይቀናቸዋል። የምሽት ቤት ጫጫታ ነው፣ የፈረንጅ ጎረምሶች ጨዋታ ነው፣ ቅኝታችንን አጥፊ ነው የሚለው ፍርድ ሥራው ሳይደመጥ አስቀድሞ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ ፍርዱን ለመገልበጥ ሳይሆን ችሎቱን እንደገና ለመክፈት ይሞክራል። ለዚህም ሦስት ወጣት ባለሙያዎችን፣ ማለትም ሚካኤል ሰይፉን፣ እንደገና ሙሉንና ሮፍናን ኑሪን በምስክርነት ይጠራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መነሣት የሚገባው አንድ የታሪክ ጉዳይ አለ። ግብጻዊው ሐሊም ኤል-ዳብ በ1944 ካይሮ ውስጥ ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ መሣሪያ ቀርጾ፣ ድምፁን በስቱዲዮ እያጣራና እያስተጋባ አዲስ ድርሰት አደረገው። ይህም በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ መነሻ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ከፈረንሳዩ ፒየር ሼፈር የ1948 ሙከራዎች አራት ዓመት ይቀድማል። ዛር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ግብጽ ተሻገረ የሚለው አስተያየት ደግሞ በጥናት ዓለም የሰፋ ነው። ይኸው ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። እንግዲህ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከበራችን ውጭ ቆሞ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የገጠመው ችግር ዛሬ በኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ወጣት ከሚገጥመው ብዙም የራቀ አልነበረም። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና በገና በአብዛኛው አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወታቸው፣ ወይም ከአንድ ድምፃዊ ጋር የሚሄዱ መሣሪያዎች ናቸው። በአንድ መድረክ ሲሰባሰቡ ማን ዝም ይበል፣ ማን ይቅደም፣ ማን ከማን በታች ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ሚክሲንግ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ከማጉላትና ከማሳነስ በላይ የደረጃና የቦታ ድልድል ነው።

የስደቱ ዘመንም የራሱ ምዕራፍ አለው። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ሳለ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሞግና ከያማሃ ሲንተሳይዘር ጋር ብቻውን አቀናጅቶ ያወጣው ካሴት፣ ባንድ ያጣ ሙዚቀኛ ብቻውን ባንድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያሳያል። ሥራው በ2013 ዳግም ታትሞ በዓለም ዙሪያ አድማጭ ሲያገኝ፣ ባለቤቱ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ይህን የምጠቅሰው ለሐዘኔታ አይደለም። በዚያ ካሴት ውስጥ መኪናው የሰውን ቦታ የያዘው በምርጫ ሳይሆን በእጦት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ከሚካኤል ሰይፉ ጋር ነገሩ ይለወጣል። በኒው ጀርሲ ራማፖ ኮሌጅ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ይህ ወጣት በ2014 «ያራዳ ልጅ»፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም» የተሰኙትን አጫጭር አልበሞች አወጣ። እርሱና ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ አካሄዳቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። እዚህ ላይ መኪናው በምርጫ ገብቷል። በ«ዘላለም» ውስጥ የባህል መሣሪያው ለጭፈራው ቅመም ሆኖ አልተጨመረም፤ ሲንተሳይዘሩ ነው እየተከተለ መንገድ የሚለቅለት። አንዳንድ ጊዜ ዝግታው አድማጭን ይፈትናል፤ አንዳንዱ ክፍልም ሐሳቡ ካለቀ በኋላ ይቀጥላል። ቢሆንም በበኩሌ ከዚህ ወገን ከሰማኋቸው ሥራዎች ሁሉ ቅኝትን ከቁም ነገር የቆጠረ እርሱ ነው እላለሁ።

ቅኝትን ከቁም ነገር መቁጠር ማለት ምን ማለት ነው? የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አንድን ስምንዮሽ በ12 እኩል ይከፍሉታል። የአንቺ ሆዬን ጠባብ እርምጃ ወይም የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን አንሸራትቶ የሚያገኘውን ድምፅ ግን እኩል ክፍፍሉ አያውቀውም። ድምፅን በራሱ ፈቃድ «የሚያቃና» መሣሪያ ከተከፈተ ቅኝቱ ያልቃል። በምቱም እንዲሁ ነው። የጭፈራ ቤቱ ሙዚቃ አራት እኩል ምት ይመታል፣ በደቂቃም ከ120 እስከ 128 ይሮጣል፤ የእኛ ችክችካ ደግሞ በ6/8 የሚሄድ፣ ረዥምና አጭር ምት የሚያፈራርቅ ነው። ሁለቱን ማጋባት የሚሻ ዲጄ ስድስቱን ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ መቁጠርና ከባዱን ምት በየሦስቱ መነሻ ላይ ማሳረፍ ይኖርበታል። ከበሮውን በየአራቱ ቤት ጎትቶ ማስገባት ግን እስክስታን በሰልፍ ማስኬድ ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ምክር ለሥራው አዲስ ለሆኑ ወጣቶች ነው። ማሲንቆና የአዝማሪ ድምፅ በአንድ የድምፅ ከፍታ አካባቢ ይኖራሉ፤ ስለዚህ ሲንተሳይዘሩ ከዚያ ቦታ እንዲነሣ እንጂ ማሲንቆው እንዲጮኽ አይደረግ። የበገና መንዘርዘር የሚመጣው በአውታሩና በድልድዩ መካከል ከገባው ቁራጭ ቆዳ ከእንዝራው ነው። ኮምፕረሰር ሲበዛበት መንዘርዘሩ ወፍራም ጉርምርምታ ይሆናል፣ የአውታሩ መመታትም ይጠፋል። በገናው ሲገባ ከባዱ ቤዝ ዝም ቢል ይመረጣል። ዘፈን ከዘፈን የሚያያይዙ ዲጄዎችም በቁልፍ መለያው ሰንጠረዥ ላይ ፍጹም እምነት አይጣሉ፤ ሰንጠረዡ የሚያውቀው የምዕራቡን ሜጀርና ማይነር ብቻ ስለሆነ አምባሰልን ያልሆነ ስም ይሰጠዋል። ጆሮ ይቅደም።

ሮፍናን ኑሪ በሌላ መንገድ ይሄዳል። በ2018 የወጣው «ነፀብራቅ» ለወጣቱ ሕዝብ የተዘጋጀ የጭፈራ ሙዚቃ ነው፤ ግጥሙም ቅንብሩም በአብዛኛው የራሱ ነው። ሥራው አዳራሽ መሙላቱን ብቻ አይቶ ማናናቅ ስንፍና ይሆናል። አማርኛን በዚህ ስልት ማዜም፣ ቃሉ ከምቱ ጋር ሳይጋጭ ጠብቆና ላልቶ እንዲሄድ ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ሮፍናን በዚህ ተሳክቶለታል። ቅሬታዬ በድምፁ ግንባታ ላይ ነው። ሁሉ ነገር እጅግ ጮኾ ስለሚቀመጥ ከበሮው ከኤሌክትሮኒኩ ምት ተለይቶ አይሰማም፤ የሚያርፍበት ጸጥታም የለም። በ2022 «ስድስት»ን ሲያወጣ ከትልቁ ዩኒቨርሳል ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነበርና፣ የዓለም ገበያ የሚጠይቀው የጩኸት ልክ ይህን ዝንባሌ ያረግበዋል ብዬ አላምንም።

እዚህ ስቶክሆልም ተቀምጦ ይህን ማለት ግብዝነት እንዳይመስል የአስተናጋጆቻችንን ጉዳይ ላንሣ። የከተማዋ ልጅ ቲም በርይሊንግ፣ አቪቺ የተባለው፣ በ2013 ማያሚ ላይ የአሜሪካን የገጠር ሙዚቃ ከጭፈራው ምት ጋር ሲያቀርብ የራሱ አድማጮች አጉረመረሙበት፤ ከወራት በኋላ ያው ሥራ የዓለም ዘፈን ሆነ። እርሱ በ2018 ሚያዝያ ኦማን ውስጥ በ28 ዓመቱ ዐረፈ። ንጹሕ ባህል ተነካ የሚለው ጩኸት የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ሊሠወርብን አይገባም፦ ለአቪቺ ባንጆውን የሚመታው ሰው በስም የሚጠራና የሚከፈለው ባለሙያ ነው። ከገጠር ወይም ከአዝማሪ ቤት ተቀርጾ በኮምፒውተር የሚቆራረጠው ድምፅ ግን የማን ነው? የመዝሙር ክፍያው ሲከፋፈል አዝማሪው በየትኛው መዝገብ ይገባል?

በዚህ ከተማ በ1964 የተመሠረተው ኢ.ኤም.ኤስ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ከልዩ ልዩ አገር ለሚመጡ ደራስያን በሩን ይከፍታል። ከዛሬዎቹ ወጣቶቻችን አንዱ አንድ በገና ደርዳሪ ይዞ፣ የሁለቱም ስም በሥራው ሽፋን ላይ እኩል ተጽፎ፣ ለአንድ ወር ቢቀመጥበት የሚወጣውን ለመስማት እጓጓለሁ።