ከ20 በኋላ ያሉት ቀናት

አሶሳ ላይ የጤና መረጃ ባለሙያ ፋታ የሚያጣው ወር በ30 ሲያልቅ አይደለም። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ተነስቶ በቀጣዩ ወር 20 ይዘጋል። መዝገቡና የቆጠራ ቅጹ (ታሊው) ተደምሮ ዲኤችአይኤስ 2 በተባለው የጤና መረጃ ሲስተም ላይ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ባምባሲም፣ ሸርቆሌም፣ መላው አገርም በዚያው ሰሞን ይሞላል። ከ3,500 በላይ ጤና ጣቢያና ከ17,000 በላይ ጤና ኬላ ባለበት አገር የሰርቨር አቅም በወሩ አማካይ ከተሰላ፣ ሲስተሙ የሚቆመው በጣም በሚፈለግበት ቀን ነው።

እስቲ እናስላው። 10,000 ቅጽ በአንድ ከሰዓት፣ በ4 ሰዓታት ውስጥ ገባ እንበል። ቅጹ 200 ቁጥር ቢይዝ በጠቅላላው 2 ሚሊዮን፣ በሰከንድ ወደ 140 ቁጥር ይመጣል። ዳታቤዙ አንዱን ለመመዝገብ 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድበት፣ በአንድ ቅጽበት የሚሠራው የዳታቤዝ ኮኔክሽን 3 አይሞላም! በአንጻሩ በየሰከንዱ 2 ሰዎች 20 ሰከንድ የሚፈጅ ሪፖርት ቢጠይቁ 40 ኮኔክሽን ይያዛል። ማሽኑን የሚያደክመው ንባቡ ነው።

ዲኤችአይኤስ 2ን የሠሩት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ሥራ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ጥሬው ቁጥር በየጥያቄው እንደ አዲስ አይደመርም፤ ሌሊት፣ ተጠቃሚ ሲቀንስ፣ ለንባብ ብቻ ወደተሰናዱ ሰንጠረዦች ይገለበጣል። ዛሬ የገባው በሪፖርት ላይ የሚታየው በማግስቱ ሊሆን ይችላል፤ ለወርኃዊ ሪፖርት ይህ እጅግ ርካሽ ዋጋ ነው።

አሞላሉም እንዲሁ ታስቦበታል። ባለሙያው አንድ ሳጥን ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ቁጥሩ ወዲያው ይላካል፤ ሲመዘገብ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል። ኔትወርክ ከጠፋ ቁጥሩ ብሮውዘሩ ውስጥ ይቆይና መስመር ሲመለስ ይሄዳል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወረዳ የአንድ ሰዓት ድካም አለመጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ጎበዝ አቃጅ ደግሞ መስመር በተመለሰ ቁጥር የተጠራቀመው ባንድ ጊዜ እንደሚጎርፍ ቆጥሮ ቦታ ይተዋል።

ብዙዎች ሲስተም ሲዘገይ ኮኔክሽን ያበዛሉ። የሲስተሙ ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ግን ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱን ፕሮሰስ ይከፍታል፤ 8 ኮር ላይ 300 ጥያቄ ሲሻማ ሁሉም ይንቀራፈፋል። የኮኔክሽኑን ብዛት ገድቦ የተረፈውን ጥያቄ ወረፋ ማስያዝ፣ ሲያዩት ቁጠባ ቢመስልም፣ ሥራውን የሚያፈጥነው እሱ ነው።

ለክልል ቢሮዎች ሲስተም የምታዘጋጁ ወገኖች፣ የማሽን ዋጋ ከማጠያየቃችሁ በፊት ሪፖርት የሚሞሉት ሰዎች ዘንድ ሂዱ፤ ሥራ የሚበዛባቸውን ቀንና ሰዓት ጠይቁና ሒሳቡን ከዚያ ጀምሩ።