የኒዮን ጫፍ ሲጠቁር

ጢቾ ውስጥ ኒዮን ተበላሸ ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የማየው ሁለቱን ጫፎች ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ቱቦውን አስቀድሞ ነቅሎ በቴስተር ይለካና «ፊላመንቱ አልተቆረጠም እኮ» ብሎ ይከራከረኛል። እውነቱን ነው፤ ሽቦው ደህና ነው። ያለቀው ሽቦው ላይ የነበረው ነጭ ልባስ ነው።

ሽቦው ተንግስተን ነው። የሚቀልጠው ከ3,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ሙቀት አይበግረውም፤ ኤሌክትሮን ለመልቀቅ ግን ስስታም ነው። ስለዚህ ባሪየም፣ ስትሮንቲየምና ካልሲየም ኦክሳይድ ይለበጥበታል። በዚህ ልባስ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ኤሌክትሮኑ ያለችግር ይወጣል። የቱቦው ዕድሜ እንግዲህ የልባሱ ዕድሜ ነው።

ልባሱን በርቶ ከመቆየቱ ይልቅ አነሳሱ ይጎዳዋል። ስታርተሩ ሲገጥም ጅረት በሁለቱም ፊላመንቶች አልፎ ያግላቸዋል፤ ሲለቅ ባላስቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለቅና ቱቦው ይበራል። ፊላመንቱ በቅጡ ሳይግል ከተነሳ ግን አዮኖች እየደበደቡ ልባሱን ያረግፉታል። መስታወቱን የሚያጠቁረው ይኸው ርጋፊ ነው።

የእኛ ደጋ ለዚህ ጉዳት የተመቸ ነው። ቱቦው ደምቆ የሚያበራው ገላው 40 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው፤ ብርዱ በውስጡ ያለውን የሜርኩሪ ትነት ያዳክመዋል፣ አነሳሱንም ያከብደዋል። በዚያ ላይ ወፍጮ ቤቱ ሞተር ሲያስነሳ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ይወርዳል። ኒዮኑ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። «ጋሼ፣ ይሞክር ተዉት» ይሉኛል። እያንዳንዱ ሙከራ ግን ከልባሱ ይቀንሳል። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ጅረቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላና ባላስቱ ይግላል፤ ቱቦ ለመቆጠብ የፈለገ ሰው ባላስት ይገዛል።

ከኒዮን በተለየ የግቢና የመንገድ ቢጫ ሶዲየም አምፖል ቀድሞ የሚያሞቀው የለም። ኢግናይተሩ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይቀሰቅሰዋል፤ ኤሌክትሮዱን የሚያግለው ቅስቱ ራሱ ነው። ልባሱም በተንግስተን ጥምጥሙ መካከል ተሸጉጦ ይቀመጣል፤ ሜዳ ላይ ቢሆን አይከርምም። ሜታል ሃላይድ አምፖል ላይ ግን ሃላይዱ ባሪየምን ስለሚያጠቃ ቶሪየም የተቀላቀለበት ተንግስተን ሲሠራበት ኖሯል። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባውን የአርጎን ብየዳ ዘንግ የያዘ ሰው ይህን ቅይጥ ያውቀዋል። ቶሪየም ጨረር ስላለው ብየዳው ላይ ላንታነም እየተካው ነው።

አምራቾች የኒዮንን ዕድሜ የሚለኩት 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አብርተው 15 ደቂቃ እያጠፉ ነው። በየአምስት ደቂቃው የሚበራ የጓዳ መብራት ያን ዕድሜ አያገኝም። ስለዚህ ለጓዳና ለመጸዳጃ ቤት የሚረግፍ ልባስ የሌለውን ኤልኢዲ እመክራለሁ። ኒዮን ላለው ሱቅ ወይም መማሪያ ክፍል ደግሞ ቱቦውን ስቀይር ስታርተሩንም አብሬ እቀይራለሁ። አሮጌውን ቱቦ ሳይሰበር እንዲያስቀምጡትም እነግራቸዋለሁ፤ ልባሱ ቢያልቅም ሜርኩሪው ውስጡ አለ።