ዝምታና ኅሊና
ስለ «የመጨረሻው ኰብላይ» የተሰጠ አስተያየት

ያለፈን ዘመን በልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ ለታሪክ እውነት፣ ሁለተኛው ለሰው ልብ ነው። ትሬሲ ሼቫሊየር እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተመችው ይህ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ዕዳ በሚገባ፣ ሁለተኛውን ግን በከፊል የከፈለ ይመስለናል።

ኦነር ብራይት የተባለች እንግሊዛዊት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1850 ከእኅቷ ጋር ወደ አሜሪካ ትሻገራለች። እኅቷ በቢጫ ወባ ትሞትባትና በባዕድ አገር ብቻዋን ቀርታ፣ በኦሃዮ ከአንድ የኩዌከር ገበሬ ጋር ትዳር ትመሠርታለች። ከደቡብ የሚሸሹ ባሮች በዚያ በኩል ስለሚያልፉ፣ ኦነር ምግብ እየሰጠች ትሸሽጋቸዋለች። ነገር ግን በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ኰብላይን የሚረዳውን ሰው እስከ 1000 ዶላር በሚደርስ መቀጮና እስከ 6 ወር በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። አማቷም ባርነትን የምትጠላ ሳለች፣ ቤተ ሰቡ እንዳይጐዳ ፈርታ ይህን ሥራ ትከለክላታለች።

የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ክፉውን ከደጉ ማጋጨት ለማንም ደራሲ ቀላል ነው፤ ደጉን ከደጉ ማጋጨት ግን ማስተዋልን ይጠይቃል። ኩዌከሮች ያለ ካህንና ያለ ዝማሬ ጸጥ ብለው ተቀምጠው የውስጥ ብርሃን የሚሉትን የሚጠባበቁ ክርስቲያኖች ናቸው። ኦነርም በቤቷ ውስጥ አፏን ዘግታ ዝም ስትል፣ ለጸሎት የተማረችው ዝምታ ለተቃውሞ ይሆናታል። የአማቷ ዝምታ ግን የፍርሃት ዝምታ ነው።

ታሪክም ይህን ይደግፋል። በጀርመንታውን 4 ሰዎች በባርነት ላይ የተቃውሞ ጽሑፍ የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1688 ሲሆን፣ የፊላዴልፊያ ጉባኤ አባሎቹ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው በ1776 ነው፤ በመካከሉ 88 ዓመት አለ። ኩዌከሮች ሰው ሁሉ እኩል ነው በማለት ዳኛውንም ባላባቱንም «አንቱ» አይሉም ነበር። ሆኖም በፊላዴልፊያ ጥቁሮችን በተለየ አግዳሚ ወንበር ያስቀምጡ እንደ ነበር ሣራ ዳግላስ የተባለች ጥቁር መምህርት መስክራለች። በአንደበት እኩል ማድረግና በወንበር እኩል ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ጉድለቱን ደግሞ ሳንደብቅ እንናገር። ኰብላዮቹ በሌሊት ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ፤ ልባቸውን ግን እምብዛም አናይም። ነጻ የወጣችው ጥቁር ሴት ሚስስ ሪድ የራሷ ሐሳብና አንደበት ያላት በመሆኗ ከሌሎቹ ትለያለች፤ እርሷም ብትሆን በቂ ስፍራ አላገኘችም። መከራው የባሮቹ ሆኖ ሳለ ጭንቀቱ ሁሉ የኦነር ሆኗል። ስለ ዝምታ የጻፈች ደራሲ የእነዚህን ሰዎች ዝምታ ሳትሰማው ማለፏ ያሳዝናል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በአገራችን የባርነት ሕጋዊ አቋም የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁ በተሰማ ማግስት ጌታውና እመቤቲቱ በማዕዳቸው ዙሪያ ምን እንደ ተባባሉ፣ ኅሊናቸው የወቀሳቸውስ ስለምን ዝም እንዳሉ የሚጽፍ ደራሲ ቢነሣ መልካም ነው። ሲጽፍም ነጻ የወጣውን ሰው ከጓዳ አውጥቶ አስቀድሞ እርሱን ያናግረው።